ወፏ ፎቶዋን እስክትረከብ

ነቀምቴ ውስጥ ስሜን ለማጥፋት አንዲት ወፍ በቃች። ሰርግ በተደራረበበት ሳምንት ካሜራዬ ኡኬ አጠገብ ባለች መንደር፣ አዴ ድርቤ በሚባሉ ባልቴት ቤት፣ ከጃንጥላና ከማጭድ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ሰነበተ። ለምን ቢሉኝ፣ የወፏን ፎቶ ለወፏ ስላልሰጠሁ ነው። ይህን የነገርኩት ሰው ግማሹ "ቢራቱ መጠጣት ጀመረ" አለ፤ ግማሹ ካሜራውን ሸጬ ሰበብ የፈጠርኩ መሰለው። ያመነችኝ ባለቤቴ አስካለ ብቻ ናት፤ እሷም ያመነችኝ "ሰው ጨርሰህ ከወፍ ጋር ተጣላህ?" ብላ ነው።

እኔ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። የሚያለቅስ ሙሽራ አስቄአለሁ፣ የተኳረፉ ሚዜዎችን አስተቃቅፌአለሁ፣ ካሜራ ፊት አልቆምም ያሉ አማት ለምኜ አቁሜአለሁ። ከሰው ጋር መጨቃጨቅ እንጀራዬ ነው። ወፍ ግን በዕድሜዬ አንስቼ አላውቅም ነበር።

ጣጣውን ያመጣችብኝ ሐሴት ናት። ሐሴት ወደ ሲሬ መውጫ ላይ አዲስ ሆቴል ከፍታለች። ክፍሎቹ ያማሩ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ግን በየክፍሉ የበረዶ ተራራና ነጭ ዳክዬ የሚዋኝበት የውጭ አገር ሐይቅ ተሰቅሏል። አንድ እንግዳ ቁልፉን ሲመልስ "ይህ ሐይቅ ወለጋ ውስጥ በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቃትና በሀፍረት ተቃጠለች። ወዲያው እኔን አስጠርታ የአገራችንን ወፍና የአገራችንን የውሃ ተርብ፣ በሚኖሩበት ቦታ፣ እንደ ተፈጥሯቸው እንዳነሳላት አዘዘችኝ። ሰው እንዳይገባበት ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። እኔም ወፍ አማት የላትም፣ ሚዜ የላትም፣ "አወፈርከኝ" ብላ አትከራከርም ብዬ በደስታ ተቀበልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ነው።

ከኡኬ ወረድ ብሎ፣ ድሮ ለመንገድ ጠጠር የወጣበት ትልቅ ጉድጓድ አለ። ዝናብ ሞልቶት ኩሬ ሆኗል፤ ዓሣው በየት በኩል እንደገባበት ማንም አያውቅም። ያቺ ወፍ የምትኖረው እዚያ ነው። ስትዋኝ ሰውነቷ ሰምጦ ረጅሙ አንገቷ ብቻ ነው የሚታየው፤ ያላወቀ ሰው እባብ መስሎት ድንጋይ ያነሳል። ዓሣውን በምንቃሯ ወግታ ትይዝና ወደ ላይ ወርውራ ትውጠዋለች። ስትወጣ ላባዋ ውሃ ስለሚጠጣ፣ ደረቅ ግንድ ላይ ቆማ ሁለቱን ክንፎቿን ዘርግታ ታደርቃለች። ያን ጊዜ ጸሎት ላይ እጁን የዘረጋ ምእመን ትመስላለች።

በዚህ ዘመን ረጅም ሌንስ ይዞ በቁጥቋጦ ውስጥ መሽሎክሎክ ነገር መፈለግ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ኢፋ ዘንድ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። ንግግራችን ሁሉ በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ የማወራው በአማርኛ ቢሆንም። ኦቦ ኢፋ የማንን ፎቶ እንደማነሳ ጠየቁኝ። የወፍ አልኳቸው። "ወፏ ታውቃለች?" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ "ታውቃለች እንጂ" አልኩ። "ቶሌ፣ ይሁን" ብለው ባርከው ሸኙኝ። ያን ጊዜ ውል መግባቴን አላወቅሁም።

የውሃ ተርብ ማንሳት ቀላል ነው። ቀዩ ተርብ የሣር ጫፍ ላይ ተቀምጦ አራት ክንፎቹን ዘርግቶ ይቆማል፤ ቢነሳም ዞሮ ዞሮ እዚያው ጫፍ ላይ ያርፋል። አንዱ እንደውም ከኋላ ክንፎቹ የአንደኛው ጫፍ የተቀደደ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ታጋሽ ሆኖ፣ እስኪበቃኝ አነሳሁት። እንዲህ ያለ ሙሽራ ባገኝ ኖሮ ጸጉሬ አይሸብትም ነበር። ወፏ ግን የለየላት የሙሽራ እናት ናት። ጭቃ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ስጠብቃት ጀርባዋን ትሰጠኛለች፤ ዞሬ ስሄድ እሷም ትዞራለች። ልማድ ሆኖብኝ "ትንሽ ወደ ግራ፣ አገጭ ቀና" ስላት ራሴን ሰማሁት፤ እንኳን ሌላ ሰው አልሰማኝ ብዬ ቀና ስል የመንደሩ ሰው በሙሉ ዳገቱ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ገጠር ካሜራ አውጥቼ "እኔንም፣ እኔንም" የሚል ሰው ያልሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌንሱ ወደ ሰዎቹ ዞር ሲል ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ወንዶቹ ቆባቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ምን ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በመጨረሻ ወፏ ግንዷ ላይ ወጣች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ የከሰዓት ፀሐይ ጀርባዋ ላይ አረፈ፣ አነሳኋት። በዕድሜዬ ካነሳሁት ሁሉ የሚያምር ፎቶ ሆነ።

ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ ኦቦ ኢፋ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መቼ እንደማመጣላት ጠየቁኝ። ምኑን ብላቸው፣ "ፎቶዋን" አሉ። ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም።

ነገሩ ኋላ ነው የተብራራልኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ፎቶ አንሺ በፋሲካ ሰሞን ወደ መንደሩ መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ያለውን ልብስ ለብሶ ተሰልፎ ተነሳ። ሰውዬውም በሳምንቱ አመጣላችኋለሁ ብሎ ሄደ፤ እንደሄደ ቀረ። ከተነሱት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ መልካቸውም ከእነሱ ጋር ሄደ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ አንድ ሕግ አወጣ፦ ፎቶ ያነሳ ሰው፣ ፎቶው ለተነሳው እስኪደርስ ድረስ መያዣ ያስቀምጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ሕጉስ ደግ ነው፤ ግን የተነሳችው ወፍ ናት ብዬ ተሟገትኩ። ለእናንተ ላምጣላችሁ ብላቸው፣ እኛን አነሳኸን እንዴ አሉኝ። ወፍ ፎቶ የምትሰቅልበት ግድግዳ የላትም ስላቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጣም አዘነብኝ፤ ቤት የሌለው ሰው ፎቶው አይገባውም ማለትህ ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ኦቦ ኢፋ ደግሞ "ታውቃለች ብለህ ነግረኸኛል" አሉና ዘጉት። ፎቶዎቹ ያሉበትን ካርድ አውጥቼ እንድወስድ ፈቀዱልኝ፤ ካሜራው መያዣ ሆኖ ቀረ።

የመያዣ ጠባቂዋ አዴ ድርቤ ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ካሜራዬን በነጠላቸው ጠቅልለው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። ሟቹ ባላቸው ጉሉማ ያን የፋሲካ ሰሞን ከተሰለፉት ሰዎች መጨረሻ ላይ የተነሳው እንደነበረና ሌላ ፎቶ በዕድሜው ተነስቶ እንደማያውቅ ሽማግሌዎቹ ነገሩኝ። እሳቸው ራሳቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ትመለሳለህ?"

"እመለሳለሁ፣ አዴ።"

"እሱም እንዲህ ነው ያለው" አሉኝ፤ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ነቀምቴ እስክደርስ ደሜ ፈልቶ ነበር። ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ልጅ ሰርግ አለብኝ፤ የዚያን ሰርግ ፎቶ ያበላሸ ሰው በዚህ ከተማ ዳግመኛ ካሜራ አይነካም። ካሜራ ተውሼ ላንሳ ብል፣ ካሜራና ሚስት በውሰት አይሰጡም ብለው ሳቁብኝ። ሐሴት በፎቶዎቹ ፈነደቀች፤ የወፏን ትልቁ ክፍል ላደርጋት ነው አለች። ወፏ ራሷ አንድ ቅጂ እንደምትፈልግ ብነግራት "ለሷማ በቅናሽ ነው" ብላ ሄደች። የሚሳቀው በሰው ቁስል ነው።

አሁን ደግሞ ለወፍ የሚሆነው መጠን የትኛው ነው? ፎቶ አጣቢው ጠየቀኝ። የኪስ ቦርሳ የላት፣ አልበም የላት። በሰሃን ልክ ይሁን ተባባልን፤ ኩሬ ስለሆነ በላስቲክ እንዲታሸግም አደረግሁ። አስካለ ገልብጣ አየችውና ለሰው ስትሰጥ የምትጽፈውን ለምን አልጻፍክም አለችኝ። የቀረ ክብር ስላልነበረኝ ከጀርባው "ለማስታወሻ፣ ከቢራቱ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የተርቡንም አሳጠብኩ፤ ነገ ደግሞ ተርቡስ እንዳይሉኝ ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም።

ሐሙስ ጠዋት ርክክቡ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው ዳገቱ ላይ ተቀመጡ፤ አዴ ድርቤ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገባቸው ናቸው። ፎቶውን ግንዱ ላይ አስሬ ተመለስኩ። ሁላችንም የድንበር ክርክር የምንሰማ ያህል ጸጥ ብለን ጠበቅን። ወፏ ከውሃው ወጣች፣ ግንዱ ላይ ወጥታ ፎቶውን አየች። አንገቷን ወደ አንዱ ጎን አጣመመች፣ ከዚያ ወደ ሌላው። "አንገቷን ነው የምታየው" አሉ ኦቦ ኢፋ በሹክሹክታ፤ "ሰውም ፎቶውን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው የሚያፍርበትን ነው።" ወፏ ልክ በፎቶው ላይ እንዳለችው ክንፏን ዘረጋች። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች፣ እንደ ጦር ለቀቀችውና ፎቶውን መሀሉን ወግታ በሳችው።

ጉድ ፈላ። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ስማዋለች፣ ተቀብላለች አሉ። ሌሎቹ አልወደደችውም፣ እንደገና ትነሳ አሉ። እንደገና እንዳነሳት ካሜራውን ስጡኝ ስላቸው፣ ካሜራው መያዣ ነው፣ መያዣ ደግሞ የሚወጣው ፎቶው ሲወደድ ነው ተባለ። ፎቶው እንዲወደድ መታደስ አለበት፤ እንዲታደስ ካሜራው መውጣት አለበት፤ ካሜራው እንዲወጣ ፎቶው መወደድ አለበት። ይህን ደጋግሜ አስረዳኋቸው፤ ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ልክ ነህ፣ በጣም ከባድ ነገር ነው አሉኝ። ፍርዱን ለነገ አሳደሩት። እኔም ቅዳሜን እያሰብኩ ኦቦ ኢፋ ቤት አደርኩ፤ ወፏን በኦሮምኛም በአማርኛም ሰድቤ ስጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ስንወርድ ወፏ በምንቃሯ ጭራሮ ይዛ መጣች። ግንዱ ላይ ወጣችና ጭራሮውን የተበሳው ፎቶ ሥር አስቀመጠች። ሄዳ ሌላ አመጣች፤ እሱንም ከጎኑ አጋደመች። እነዚህ ወፎች ጎጆ ሊሠሩ ሲያስቡ፣ ወንዱ ለወደዳት ጭራሮ እንደሚያቀርብ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወፏ ወንድ ሳትሆን አትቀርም፤ ወይም ከራሷ ፍቅር ይዟታል። ሁለቱንም ለሽማግሌዎቹ አልነገርኩም። እነሱም ምንም ማብራሪያ አልፈለጉም፤ ሳይቀበል ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው የለም ብለው በአንድ ቃል ፈረዱልኝ።

እጄን ወደ ካሜራው ስዘረጋ ኦቦ ኢፋ "ቀዩስ?" አሉ።

የተርቡን ፎቶ ከኪሴ አወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀባብለው አዩት፤ በተቀደደው ክንፉ ለዩት። ችግሩ ተርቡ ሞቷል። ረቡዕ ማታ የጣለው በረዶ መትቶት፣ ቀይነቱ ወደ ቡኒ ሄዶ፣ ሣሩ ሥር ወድቆ አገኘነው። ክንፉ ያው ክንፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆባቸውን አወለቁ። ለሞተ እንዴት ይሰጣል በሚለው ላይ ብዙ ተወያዩና፣ የሞተ ሰው ፎቶ ለቀሩት ዘመዶቹ ነው የሚሰጠው ብለው ፈረዱ። ዘመዶቹ የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ አልተቻለም፤ ሁሉም ቀይ ናቸው። ፎቶውን ሣሩ ውስጥ በእንጨት አቆምኩት፤ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ቀይ ተርብ መጥቶ ጫፉ ላይ አረፈ። ተረክቧል ተባለ።

ካሜራዬን እንዲሰጡኝ ወደ አዴ ድርቤ ዞርኩ። አልሰጡኝም። ከነነጠላው ደረታቸው ላይ አቅፈውት ተርቡን ያያሉ።

"የሞተ ሰው ፎቶ ለቀሩት ከሆነ" አሉ፣ "የጉሉማ ለእኔ ነው።"

አዴ ድርቤ ወደ እኔ ዞሩ። ነቀምቴ ያሉትን ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ታውቃለህ፣ የጉሉማን ፎቶ ያነሳውን ሰውዬ አግኝልኝ አሉኝ። ማን እንደሆነ ሲነግሩኝ አወቅሁት። ብዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ ካሜራዬን ይዤ እሄድ ነበር። ግን ፊታቸውን እያየሁ አልቻልኩም።

"ሞቷል፣ አዴ። ስቱዲዮው የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ፊልሞቹ የት እንደተጣሉ የሚያውቅ የለም።"

ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እኔም ሰርጉን ረሳሁ፤ የማላውቀው ሰው የሠራው ጥፋት በእኔ ሙያ የተሠራ ነውና አፈርኩ፣ አዘንኩም። አዴ ድርቤ "ቶሌ" አሉና ተነሱ። ተከተልናቸው። ግቢያቸው ገብተው ማንጎው ሥር ሲደርሱ ሁለት ትከሻዬን ይዘው ግንዱን አስደግፈው አቆሙኝ።

"ጉሉማ የቆመው እዚህ ነው" አሉ። ካሜራውን ከነጠላቸው አውጥተው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ራቅ ብለው ሄደው ፊት ለፊቴ ቆሙ። "ፎቶ አንሺው እዚህ ነበር፤ እኔ ከጀርባው። ጉሉማ ጥርሱን ለሰው የሚያሳይ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን አሳቅኩት።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "የሱ መልክ ከጠፋ ጠፋ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። እሱ ያየውን አንሳልኝ።"

እንዴት እንዳሳቁት ልጠይቅ አፌን ስከፍት አሳዩኝ። እኚያ ዝምተኛ ሴት አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጉልበታቸውን ሰበር አደረጉ፣ መቀመጫቸውን ወደ ኋላ አሾሉ፣ በጣቶቻቸው ካሜራ ሠርተው "ትንሽ ወደ ግራ" የሚል ፎቶ አንሺ ሆኑ። ከጀርባ የታየ ፎቶ አንሺ ምን እንደሚመስል በዕድሜዬ አላውቅም ነበር። ኦቦ ኢፋ ሳቃቸውን ለመያዝ በትራቸውን ነከሱ። እኔ ግን አልያዝኩትም፤ ማንጎው ሥር ቆሜ፣ ሆዴን ይዤ፣ እስኪጨንቀኝ ሳቅኩ።

አዴ ድርቤ የጨፈኑትን ዓይን ገልጠው፣ በዚያ ቦታ የሚስቀውን ሰው አዩ። ፊታቸው በሙሉ ተከፈተ፤ እሳቸውም ሳቁ። ያን ጊዜ ነው ካሜራውን ወደ ዓይኔ አንስቼ ቁልፉን የተጫንኩት። ካነሳሁ በኋላ ካሜራውን ከዓይኔ ለማውረድ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እያለቀስኩ ነበርና።

ስሄድ መያዣ ምን ላስቀምጥ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌዎቹ ካሜራውን አዩ፤ አዴ ድርቤ ግን ሰርግ አለብህ አይደል፣ ሂድ አሉኝ። ምንም አልያዙብኝም። ፎቶ አጣቢውን ከቤቱ ቀስቅሼ፣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ፎቶው በጋዜጣ ተጠቅልሎ እጄ ላይ ነበር፤ ከሰርጉ በፊት ላደርስላቸው ብዬ ወደ ኡኬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የመዘምራኑ መሪ ደወለ፤ ሙሽራዋ ተኳኩላ ጨርሳለች፣ የት ነህ አለኝ። ኡኬ ነኝ ስለው ስልኩ ውስጥ የተናገረውን የመዘምራን መሪ ይናገረዋል ብዬ አላስብም ነበር።

ከሚኒባሱ ስወርድ አዴ ድርቤ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ከሌሊት ጀምሮ እዚያው እንደቆሙ ኦቦ ኢፋ ነገሩኝ።